ጥር፣ ሠርግ እና የክላሚዲያ መልእክት

ለወንድሜ ሠርግ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ስልኬ ላይ መልእክት መጣ። የላከው ከሁለት ወር በፊት የተለያየነው ልጅ ነው። «ክላሚዲያ ተገኝቶብኛል። ዶክሲሳይክሊን አዘውልኛል። አንቺም ተመርመሪ፣ ይቅርታ።» ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። እናቴ እንባዬን አይታ «ሽንኩርቱ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ምንም ምልክት አልነበረኝም። በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው የክላሚዲያ ክፋቱም ይኸው ነው። ብዙ ሴቶች ሳያውቁት ይዘውት ይኖራሉ። ሳይታከም ከቆየ የማህፀን ቱቦን ጎድቶ መውለድን ሊከለክል ይችላል። ይህን ሳነብ አነጋሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ቦሌ አካባቢ ወዳለ የግል ክሊኒክ ነው። ንጹሕ ነው፣ ወንበሩ ይመቻል፣ ዋይፋይ አለው። እንግዳ ተቀባይዋ ግን ድምፅዋን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ «የአባላዘር ነው የምትመረመሪው እህቴ?» አለችኝ። አጠገቤ የነበሩት ጋቢ የለበሱ አባት ቶሎ ብለው ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩ። እግዜር ይስጣቸው።

«ሙሉ የአባላዘር ምርመራ» የሚሉት ጥቅል አላቸው። ከፈልኩ፣ ደም ሰጠሁ፣ ከሰዓት ውጤቱ ደረሰ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ነፃ ነሽ፣ ምንም የለብሽም» አለኝ። ደስታዬ ታክሲ ውስጥ እስክገባ ድረስ ነበር። ወረቀቱን ገልጬ ሳየው ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ይላል። ክላሚዲያ የለም። ጨብጥም የለም። እነሱ የሚታዩት በሽንት ወይም ከማህፀን በር በሚወሰድ ናሙና ነው፤ እኔ የሰጠሁት ደም ብቻ። ተመልሼ ስጠይቅ «እሱን እኛ አንሠራም» ተባልኩ። ታዲያ ሙሉ ያሰኘው ምኑ ነው?

ከዚያ ፋርማሲ ገባሁ። «ለጓደኛዬ ነው» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው። ልጁ ፈገግ ብሎ ያለ ማዘዣ ሲፕሮ አወጣልኝ። ሲፕሮ የክላሚዲያ መድኃኒት አይደለም። አመስግኜ ቫዝሊን ገዝቼ ወጣሁ።

ጤና ጣቢያ የላከችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ፊቴን አጨፍግጌ ሄድኩ። ካርድ ለማውጣት ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ተሰለፍኩ። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም። ክፍል ስገባ ግን በሩ ተዘጋ። ሲስተሯ በእናቴ ዕድሜ ናቸው። መልእክቱን አሳየኋቸው። «መናገሩ ጥሩ ነው፣ የሚደብቀው ነው የበዛው» አሉ። እኔ ስረግመው ነበር የሰነበትኩት።

ክላሚዲያን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ እዚያም የለም። ግን አልሸፋፈኑልኝም። ጤና ጣቢያ አባላዘርን በአብዛኛው ምልክቱን ይዞ እንደሚያክም፣ ጓደኛው የተገኘበት ሰው ደግሞ ምልክት ባይኖረውም እንደሚታከም አስረዱኝ። የእርግዝና ምርመራ አዘዙ፤ ነፍሰ ጡር ብሆን ሌላ መድኃኒት ነው የሚሰጠኝ። የክሊኒኩን ወረቀት ሲያዩ «ኤች አይ ቪውን እዚህ በነፃ ትሠሪው ነበር» ብለው ሳቁብኝ። ለማንኛውም ከተለያያችሁ ሦስት ወር ሲሞላ ድገሚው አሉኝ፤ ቫይረሱ አዲስ ከሆነ ምርመራው ላይ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል።

«ዶክሲሳይክሊኑን ሰባት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ በብዙ ውሃ። ከወተት ጋር እንዳትወስጂው። እስክትጨርሺ ከወንድ ጋር መተኛት የለም።»

«ማኪያቶስ ሲስተር?»

«ማኪያቶ በምን የሚሠራ መሰለሽ የኔ ልጅ?»

ሠርጉን በጥቁር ቡና አሳለፍኩት። ፍራንክፈርት ተመልሼ ሦስት ወር ሲሞላኝ በሽንት ተመረመርኩ፤ የለብኝም። ኤች አይ ቪውንም ደገምኩት። ልጁን አመስግኜ ጻፍኩለት።

ክሊኒኩ በዓል በመጣ ቁጥር መልካም ምኞቱን በቴሌግራም ይልክልኛል። የክላሚዲያ ምርመራ ጀምሯል የሚል ግን እስካሁን አልመጣም።