የዋትሳፕ ፎርዋርድ ቀልድ ሲያመላልስ
ዋትሳፕን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔ የማወራው ስለ ፎርዋርዱ ብቻ ነው። የፈተንኩትም በአንድ ነገር ነው፦ «ሐበሻ ቤት መግባትህን በምን ታውቃለህ?» በሚለው የቀልድ ዝርዝር።

መጀመሪያ ሲደርሰኝ 10 ቁጥር ነበር። የብስኩት ቆርቆሮ ስትከፍት መርፌና ክር ታገኛለህ። ፌስታል ውስጥ ፌስታል፣ እሱም ውስጥ ሌላ ፌስታል። ቡፌው ላይ ያለው ብርጭቆ የሚወርደው እንግዳ ሲመጣ ነው። በቃ፣ አጭርና ጨዋ።

ሰሞኑን በቤተሰብ ግሩፕ ዞሮ መጣ። 23 ሆኗል። ከ7 ቀጥሎ 9 ነው፤ 8ን ማን እንደበላው እንጃ። ፌስታሉ ሁለት ቦታ አለ። በዋሽንግተን በኩል ማለፉም ያስታውቃል፤ ሻንጣው ከ23 ኪሎ ሲያልፍ ኤርፖርት ላይ በርበሬውን አውጥታ ኮት ኪስ የምትከት እናት ገብታለች (የምር ይሄኛው ከድሮዎቹ ይበልጣል)። መጨረሻው ላይ «ለ10 ሰው ላክ፣ እስከ ሐሙስ የምስራች ትሰማለህ» ይላል። ቀልድ የነበረው ስእለት ሆኖ አረፈው! የብስኩቱን ግን አንዱ ስህተት መስሎት አርሞታል፦ «የብስኩት ቆርቆሮ ስትከፍት ብስኩት ታገኛለህ።» ወይ ጣጣ።

ጥፋቱ የፎርዋርዱ አይደለም። እሱ የተሰጠውን አንድ ፊደል ሳይነካ ያደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ፎርዋርድ መሆኑን ይጽፍበታል፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ብዙ እጅ ያለፈውን በድርብ ቀስት ያሳያል፣ ከ2020 ወዲህ ድርብ ቀስት ያለውን በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ግሩፕ ብቻ ነው የሚያስልከው። ዝርዝሩን የሚለውጠው ኮፒ አድርጎ የሚለጥፈው ሰው ነው፤ ጨምሮ፣ ቆርጦ፣ ስም ቀይሮ ሲለጥፈው ምልክቱ ይጠፋና እንደ አዲስ ይጀምራል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ማን እንደሆነ ደግሞ ምልክቱም ቢኖር አይነግርህም። ቴሌግራም እዚህ ላይ ይሻላል፣ ላኪው ካልደበቀው በቀር ከማን እንደመጣ ስሙን ይዞ ይሄዳል።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። ለታማኝ መልእክተኛነቱ ነው።

የብስኩቱን መስመር ወደ መርፌና ክር መልሼ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። አክስቴ ወዲያው ጻፈች፦ «አንተ ልጅ፣ ደህናውን ምን አበላሸኸው?»