የጥጃውን አባት በጅራት ጸጉር ማረጋገጥ፦ የሱሉልታና የሰበታ አርቢዎች የሚያገኙት አገልግሎት

ለወተት ላም አርቢዎች የሚቀርበው የዲኤንኤ የወላጅነት ምርመራ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ የሚያሳዝነው መመሪያው ነው። «ጸጉር ይላኩ» ይላል እንጂ እንዴት እንደሚነቀል አይናገርም። በመቀስ የተቆረጠ ጸጉር ከንቱ ነው፤ የሚፈለገው ሥሩ ነው። ከጅራቱ ጫፍ ደረቅና እበት ያልነካው ጸጉር ጣት ላይ ተጠቅልሎ ባንዴ ይመንጨቅ። ከ20 እስከ 30 ይበቃል፤ ሥሩ ላይ ነጣ ያለች እብጠት ካልታየች ይደገም። በወረቀት ፖስታ እንጂ በፌስታል አይታሸግ፣ ይሻግታል። የጆሮ ቁጥሩ ጥጃው ሳይለቀቅ ይጻፍ፤ ፖስታ ከተቀያየረ ላቦራቶሪው ሊያርመው አይችልም።

ምርመራው 12 ማይክሮሳተላይቶችን (ከከብት ከብት የሚለያዩ ተደጋጋሚ አጫጭር የዲኤንኤ ክፍሎችን) ያነባል። ጥጃው በእያንዳንዱ ላይ አንዱን ቅጂ ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ይወርሳል። ስለዚህ ኮርማው በሁለትና ከዚያ በላይ ካልገጠመ አባት አይደለም። የተጠረጠሩት ኮርማዎች ወንድማማቾች ከሆኑ ግን 12ቱ ላይለዩዋቸው ይችላሉ፤ 200 ስኒፕ (በአንድ የዲኤንኤ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ቦታዎች) የሚያነበው ምርመራ ይጠየቅ። ኮርማው በአካል ከሌለ አንድ የዘር ስትሮ (ለማዳቀል የቀዘቀዘ ዘር የያዘ ቀጭን ቱቦ) ናሙና ይሆናል።

ከመንታ ጥጃ ደም አይወሰድ! በማሕፀን ሳሉ ደማቸው ስለሚቀላቀል ውጤቱ የሁለት ከብት ይሆናል። ከናሙናው ጋር የሚሞላው ቅጽ ስለ መንታ አለመጠየቁ ሳይውል ሳያድር መታረም አለበት።