አንቴናዬን መርጠው ለተከሉልኝ ጋሼ ምስጋና፣ በሜሪላንድና በአካባቢው ላላችሁ የአማተር ሬዲዮ ወዳጆች ጥቆማ

ውድ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን የምጽፈው እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በቤቴ ባለብዙ ባንድ ቢም አንቴና (በብዙ የሞገድ ክልሎች የሚሠራ፣ ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያተኩር) ለመረጡልኝና ለተከሉልኝ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ ነው። ስማቸው በይፋ እንዲወጣ ስላልፈለጉ ሁልጊዜ እንደምጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ስልካቸውን በግል መልእክት ለሚጠይቀኝ እንድሰጥ ግን ፈቅደውልኛል።

የጄኔራል ፈቃድ (መካከለኛውን የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ) ካገኘሁ ወዲህ የምሠራው በጓሮ ዛፎች መካከል በተወጠረ የሽቦ ዲያፖል፣ መሐሉ ላይ ገመድ በሚገናኝበት ቀላል አንቴና፣ ነበር። የምመኘው የሚዞር፣ በሞገድ ርዝመታቸው ከ20 ሜትር እስከ 10 ሜትር ያሉትን ባንዶች በአንድ ገመድ የሚያስተናግድ አንቴና ነው። ችግሩ ምርጫው ነው። ማስታወቂያውን ያነበበ ሰው ሁሉም አንቴና ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለዋል። አንዱ አምራች ጌይኑን (ኃይልን ወደ አንድ አቅጣጫ የማተኮር ብቃቱን) ከዲያፖል ጋር ያነጻጽራል፤ ሌላው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይረጫል ተብሎ ከሚታሰብ አንቴና ጋር አነጻጽሮ ያለምንም ድካም 2.15 ዴሲቤል (የኃይል ማነጻጸሪያ መለኪያ) ይጨምርበታል። ሦስተኛው ደግሞ ከመሬት የሚንጸባረቀውን ሞገድ ደርቦ ይቆጥርና ቁጥሩን ሰማይ ያደርሰዋል። ያነጋገርኩት አንድ ድርጅት ቤቱን እንኳ ሳያይ በስልክ ዋጋ ነገረኝ።

ጋሼ ግን መጡ፣ ጓሮውን ዞሩ፣ ጠየቁ። ቤቱ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያለበት ነው? ስንት ዋት ነው የምታወጣው? ከማን ጋር መነጋገር ትፈልጋለህ? ሬዲዮው ፊት የምትቀመጠው በስንት ሰዓት ነው? የማኅበሩን ጥያቄ ያስቀደሙት በምክንያት ነው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ውሳኔ የአካባቢ መስተዳድሮች ለአማተር አንቴና በተገቢው መጠን ቦታ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ውልን ግን አይነካም። ቤትህ እንዲህ ያለ ውል ካለበት መጀመሪያ የሚነበበው እሱ ነው አሉኝ። የእኔ የለበትም። ከዚያ ሜትራቸውን አውጥተው ማማው ከሚቆምበት ቦታ እስከ ጎረቤት አጥርና እስከ ኤሌክትሪክ መስመሩ ያለውን ርቀት ለኩ።

ከማን ጋር መነጋገር እንደምፈልግ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። ፍላጎቴ በ5 ኪሎ የቴክኖሎጂ ተቋም ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ በጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ፣ አየር ላይ ሲወጣ ድምፄን ማሰማት ነው። ጋሼ ወዲያው ስሌቱን ወረቀት ላይ አሳዩኝ። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ አዲስ አበባ ከዚህ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ትመስላለች። መሬት ክብ ናትና አጭሩ መንገድ የሚነሣው ግን ከሰሜን ሲቆጠር በ66 ዲግሪ ገደማ፣ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ባዘነበለ አቅጣጫ ነው። አትላንቲክን ተሻግሮ፣ በፖርቱጋልና በሰሜን አፍሪካ ላይ አልፎ፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ባለሁለት ዘንግ ቢም የሚሸፍነው ስፋት ደግሞ 70 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ናይሮቢም ቴል አቪቭም ዱባይም እዚያው ውስጥ ይወድቃሉ። አንቴናው እጅግ ጠባብና ስለታም እንዲሆን ገንዘብ የምከፍልበት ምክንያት እንደሌለ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ አነሱ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ባለትራፕ ያጊ ነው፤ ያጊ የብረት ዘንጎች በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩበት አንቴና ነው። ትራፕ ማለት ዘንጉ መካከል የገባ ጥቅልና ካፓሲተር ሲሆን ከፍ ባለው ድግግሞሽ ላይ የዘንጉን ጫፍ ቆርጦ እንደ አጭር ዘንግ እንዲሠራ ያደርገዋል። በዚህ መንገድ አንድ ዘንግ ለ20፣ ለ15 እና ለ10 ሜትር ያገለግላል። ጠንካራ ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው። ነገር ግን ትራፑ ጥቂት ኃይል ይበላል፤ በአንድ ባንድ ውስጥ በደንብ የሚሠራበትንም ክልል ያጠብባል። እ.ኤ.አ. በ1979ኙ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለአማተሮች የተፈቀዱት 17 እና 12 ሜትር በተለመደው ባለሦስት ባንድ ሞዴል ውስጥ የሉም። እኔ ደግሞ 17 ሜትርን አጥብቄ እፈልገዋለሁ፤ በውድድር ቀናት ሌሎቹ ባንዶች ሲጨናነቁ እሱ ጸጥ ይላልና።

ዘንጎቹን በሞተር የሚያስረዝመውንና የሚያሳጥረውን ዓይነት አደነቁት። ይሁን እንጂ ማማ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሞተር ሲበላሽ ወጥቶ የሚያወርደው ሰው ያስፈልገዋል፤ ለእኔ 100 ዋት ሬዲዮም ዋጋው አይመጥንም አሉ። ሎግ ፔሪዮዲኩን፣ በብዙ ዘንጎች ሰፊ የሞገድ ክልል የሚሸፍነውን አንቴና፣ በክብደቱ ምክንያት በአንድ ቃል አለፉት።

ስለ ኩቢካል ኳድ የነገሩኝን ግን ሳልጽፈው ባልፍ ይቆጨኛል። ይህ አንቴና የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በኪቶ፣ ኢኳዶር ነው። ኪቶ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ፣ ከአዲስ አበባም ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ ስስ አየር ኤችሲጄቢ የተባለው የአጭር ሞገድ ጣቢያ ማሰራጫ ሲሠራ በያጊው ዘንጎች ጫፍ ላይ የኤሌክትሪክ ፍንጣቂ እየተነሣ ብረቱን ያቀልጠው ነበር። ክላረንስ ሙር የተባለው መሐንዲስ ጫፍ የሌለው፣ ተጠማዝዞ የሚዘጋ የሽቦ ቀለበት ሠርቶ ችግሩን ፈታው። ታሪኩ ደጋ ለለመድን ለእኛ ለየት ባለ መንገድ ይነካል። ጋሼ ግን ወዲያው ወደ ጓሮዬ መለሱኝ፦ በ100 ዋትና በዚህ ዝቅተኛ ቦታ ያ ችግር የለብህም፣ የሜሪላንድ በረዶ ደግሞ ኳድን ይሰብረዋል።

የመረጡልኝ ሄክስ ቢም ነው። ስድስት የፋይበርግላስ ክንዶች እንደተገለበጠ ጃንጥላ ወደ ላይ ይለመጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ባንድ ሁለት ሽቦ፣ አንዱ አመንጪ፣ ሌላው አንጸባራቂ ሆኖ በክንዶቹ ላይ ይወጠራል። ከ20 እስከ 6 ሜትር ስድስት ባንድ በአንድ ኮአክሲያል ገመድ ይሠራል። ክብደቱ 11 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሲዞር የሚይዘው ከመሐል እስከ ጫፍ 3.3 ሜትር ብቻ ነው። ባለሦስት ዘንግ ባለትራፕ ያጊ ወደ 17 ኪሎ ይመዝናል፣ ሲዞርም 4.7 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ በእኔ ጓሮ ጫፉ የጎረቤትን አጥር ያልፍ ነበር። በጌይን ሄክሱ ከያጊው በአንድ ዴሲቤል ገደማ ያንሳል። ይህን ጋሼ አልደበቁኝም። አንድ ዴሲቤል በመቀበያው መለኪያ ላይ የአንድ ኤስ ነጥብ (የሲግናል ጥንካሬ ደረጃ) ስድስተኛ እንደሆነ አስረድተው፣ የተረፈውን ገንዘብ ለከፍታ አውጣው አሉኝ።

ከምክራቸው ሁሉ ዋጋ የምሰጠው ለዚህኛው ነው። በ20 ሜትር ባንድ አንቴናው 6 ሜትር ላይ ቢቀመጥ ጉልበቱ የሚባክነው ወደ ላይ ነው። ወደ 12 ሜትር ከፍ ሲል ሩቅ አገር በሚደርሰው ዝቅተኛ ማዕዘን፣ በ10 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ5 ዴሲቤል በላይ ይጨምራል። አንቴና በመቀየር ያን ያህል ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ከካውንቲው ፈቃድ ወጥቶ 12 ሜትር ማማ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ቆመ። አንቴናው ቀላል በመሆኑ ትልቅ ማዞሪያም አላስፈለገም።

ሥራቸውን በቅርብ ስላየሁ ስለ ጥንቃቄያቸው ልመስክር። ማማው ላይ ሲወጡ ሁለት የደኅንነት ገመድ አላቸው፤ አንዱን ሳያስሩ ሌላውን አይፈቱም። ሽቦዎቹን መጀመሪያ መሬት ላይ ለኩ፤ ከተሰቀለ በኋላ እያንዳንዱን ባንድ እንደገና ለክተው የ12 ሜትር ባንዱ ስላላረካቸው አውርደው አስተካከሉት። የገመዱን ማገናኛ ሲያሽጉ ራሱን በራሱ የሚያጣብቀውን የጎማ ቴፕ ወጥረው ከታች ወደ ላይ ጠመጠሙት፤ ተደራቢው ውኃውን ወደ ውጭ እንዲያፈስ። ገመዱ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች እንዲለመጥ አደረጉ፣ ዝናቡ እዚያው እንዲንጠባጠብ። የማማውን የመብረቅ መከላከያ ዘንግ መሬት ከቀበሩ በኋላ በወፍራም መዳብ ከቤቱ የኤሌክትሪክ መሬት መስመር ጋር አያያዙት። ለየብቻ የተተወ ዘንግ በመብረቅ ጊዜ የሚፈጠረውን የቮልቴጅ ልዩነት በሬዲዮህ ውስጥ ያሳልፈዋል ብለው ምክንያቱን አስረዱኝ። በመጨረሻም የልኬቱን ውጤት በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ፤ ወደፊት የሆነ ነገር ሲበላሽ የማነጻጽረው እንዲኖረኝ።

አሁን በ17 ሜትር ከኬንያና ከእስራኤል ጣቢያዎች ጋር ሳልጮህ እነጋገራለሁ። አንቴናውን ወደ 66 ዲግሪ ሳዞር ከጀርባ የሚመጣው የአሜሪካ ጣቢያዎች ጫጫታ ሲቀንስ በጆሮዬ ይሰማኛል።

ጋሼን ለምትፈልጉ፦ በሥራ ቀናት ሌላ ሥራ ስላላቸው የሚመጡት ቅዳሜ ነው፤ ወረፋ ትጠብቃላችሁ። ነፋስ ካለ አይወጡም፣ ብትለምኗቸውም አይወጡም። ክፍያ የሚቀበሉት ሥራው አልቆ ከተለካ በኋላ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ከማማው ቁመት ባነሰ ርቀት ካለ ሥራውን አይቀበሉም፤ ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት ርቀቱን ለኩ፣ የማኅበር ውል ካላችሁ አዘጋጁ፣ የምትፈልጓቸውን ባንዶችም ጻፉ። መሬት ላይ ሆኖ ገመድ የሚስብ አንድ ጉልበተኛ ሰው ደግሞ ከእናንተ በኩል ይጠበቃል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስልካቸውን የምትሹ በግል ጻፉልኝ።