ኤምቢቲአይ ወይስ ቢግ ፋይቭ? ለሠራተኞቻችሁ የባሕርይ መጠይቅ ከመግዛታችሁ በፊት

በዚህ ወር ብቻ ሦስት የኤችአር ጓደኞቼ "የትኛውን የባሕርይ መጠይቅ እንግዛ?" ብለው ደወሉልኝ። ለሦስቱም መልሴ አንድ ነው፤ ባሕርይን በአምስት መለኪያ የሚለካው ቢግ ፋይቭ። ደግሞም አይገዛም፣ ነፃ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ሰውን ከ16 "ዓይነት" በአንዱ የሚመድበውን ኤምቢቲአይን በኢንተርኔት ከባለቤቶቹ ስትገዙ ለአንድ ሰው ወደ 60 ዶላር ነው። 40 ሠራተኛ ካላችሁ 2,400 ዶላር። በብር መንዝሩትና አንዴ ተንፍሱ። ከዚያ ዶላሩን ከየት እንደምታመጡት አስቡ። የቢግ ፋይቭ ጥያቄዎች ግን አይፒአይፒ በሚባል ክፍት ስብስብ ውስጥ ተቀምጠዋል። ባለ 50ም ባለ 120ም አለ። መተርጎምም ለድርጅት መጠቀምም ፈቃድ አያስፈልገውም። እኔ ያወጣሁት የፎቶኮፒ ብቻ ነው።

ይህን ከማወቄ በፊት ግን ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ከአንድ አማካሪ የኤምቢቲአይ የአማርኛ "ቅጂ" በርካሽ ገዛሁ። ጥያቄው ሁሉ "ትወዳለህ"፣ "ትመርጣለህ" ይላል። ከሞሉት ግማሾቹ ሴቶች ናቸው! ገንዘብ ያዣችን ወረቀቱን ይዛ መጥታ "ይሄ ለእኔ ነው ለባሌ?" አለችኝ። ምን ልበላት?

የአይፒአይፒ ጥያቄዎች እዚህ ላይ ገላገሉን። "እቃዬን የትም እጥላለሁ" ዓይነት ስለሆኑ በአማርኛ ወንድም ሴትም አይለዩም፤ አንቺ፣ አንተ፣ እርስዎ የሚል ጣጣ የለም። "የድግስ ድምቀት ነኝ" የምትለዋ ግን ታስቸግራለች። አንድ ሹፌር "የሠርግ ነው የተዝካር?" ብሎኛል።

ኤምቢቲአይ ኦሪጅናሉም ቢሆን በየመለኪያው ሰውን መሐል ላይ ለሁለት ይከፍላል፤ ወይ ተግባቢ ወይ ቁጥብ እንደማለት። መስመሩ አጠገብ ያለ ሰው ዛሬ አንድ መልስ ቢቀይር ሌላ "ዓይነት" ሆኖ ይወጣል። ቢግ ፋይቭ ግን ሳይመድብ በየባሕርዩ ልኩን ብቻ ይነግራችኋል።

ነፃ ነው ማለት ግን ጣጣ የለውም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ኤክሴሌ የተገላቢጦሽ ጥያቄዎችን አልገለበጠም ነበር። "እቃዬን የትም እጥላለሁ" ላይ 1 ("በፍጹም እኔን አይገልጸኝም") የሞላ ሰው በሥርዓታማነት 5 ማግኘት አለበት፤ የእኔው ኤክሴል 1 አድርጎ ደመረው። መጋዘኑ እንደ መስታወት የሚያበራው የንብረት ክፍል ሠራተኛችን ከሁሉም ዝርክርክ ተባለ። ጥፋቱ ከእኔ ነው፤ ሰውየውን ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲህ ውጤቱን መጀመሪያ የሚያየው መጠይቁን የሞላው ሰው ራሱ ነው፣ ለሥልጠና እንነጋገርበታለን፣ የግል ማኅደር ውስጥ አይገባም።

ለቅጥር ከሆነ ሁለቱንም ተዉት። የኤምቢቲአይ ባለቤቶች ራሳቸው ለቅጥር አትጠቀሙበት ይላሉ። ቢግ ፋይቭም ቢሆን፣ ሥራ ፈላጊ "እቃዬን የትም እጥላለሁ" ብሎ ይሞላል እንዴ? የሒሳብ ሠራተኛ ከፈለጋችሁ የአንድ ወር የባንክ ሒሳብ ስጡትና ሲያስታርቅ እዩት።