ፍሊት አልነፋም ላለኝ የድሬ ልጅ ምስጋና ይድረሰው

ሰላም የድሬዳዋ ሰዎች። ዛሬ በአደባባይ የማመሰግነው ሰው አለኝ። ሥራው የተባይ መድኃኒት መርጨት ነው። የሚኖረው ሳቢያን ነው፤ ከዚራም፣ ለገሃሬም፣ መጋላም ከጠራችሁት ይመጣል።

ልጄ በመስታወት ሳጥን ውስጥ እንቁራሪት ታሳድጋለች። ስሟ ኩኩ ነው። ከሥሯ አፈርና የደረቀ ቅጠል አለ፤ ጥግ ላይ ደግሞ ውሃ በሳህን ይቀመጥላታል። የሰኔ ሙቀት ሲብስ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች መስታወቱን ከውስጥ ሞሉት። ብዙም ሳይቆይ ጉንዳን ተከተለ። ማታ ማታ ኩኩ በኋላ እግሯ ጉንዳኑን ከጀርባዋ ስታራግፍ ማየት አንጀት ይበላል። ልጄም እንቅልፍ አጣች።

የጎረቤቱ ሁሉ ምክር አንድ ነበር፤ ፍሊት ንፉበት። አንድ ሌላ ረጪማ በስልክ "ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍኑትና ቤቱን ሙሉ እረጨዋለሁ" አለኝ። ደግነቱ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይሄን ልጅ ጠቆመችኝ።

ስደውልለት ስለ ዋጋ ሳናወራ የጠየቀኝ "እህቴ፣ ቤት ውስጥ ንብ፣ ዓሳ፣ ዶሮ፣ ድመት አለ?" ብሎ ነው። እንቁራሪት አለች አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "እንግዲያው እሷ ያለችበት ክፍል ውስጥ ምንም አልረጭም" አለኝ። እዚያው አመንኩት። መድኃኒት ረጭቶ የሚኖር ሰው አልረጭም ሲል ገቢውን እየቀነሰ ነው።

ሲመጣ ምክንያቱን ለልጄ ቁጭ ብሎ አስረዳት። እንቁራሪት ውሃ የምትጠጣው በአፏ ሳይሆን በቆዳዋ መጥጣ ነው። አየርም በከፊል የምታገኘው በቆዳዋ ነው። ስለዚህ መስታወቱና አፈሩ ላይ ያረፈ መድኃኒት በቀጥታ ወደ ሰውነቷ ይገባል። ቤታችን የነበረውን የፍሊት ቆርቆሮ ገልብጦ "ሳይፐርሜትሪን" የሚለውን የመድኃኒቱን ስም አሳየን። እኛን ብዙም ላይጎዳን ይችላል፤ ለዓሳና ለእንቁራሪት ግን ከባድ መርዝ ነው። በጨርቅ መሸፈንም አያድንም፤ የተረጨው ጭጋግ በጨርቅ ውስጥ ያልፋል።

ከዚያ ሥራ ጀመረ። ኩኩን ክዳኑ በተበሳ የላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ያደረ ውሃ አድርገን አስቀመጥናት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍቱን ማደር እንዳለበት ልጄ ቀድማ ነገረችው፤ እሱም "ጎበዝ!" አላት። አፈሩን በሾርባ ማንኪያ ቀስ እያለ ገለጠው። ከቅጠሉ ሥር ኩኩ ሳትበላት የሞተች ፌንጣ ተገኘች። ሆዷ ተቀዷል። ውስጡ ከሩዝ ፍሬ በጣም ያነሱ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። "ዝንቡ የሚፈላው እዚህ ነው። የሚበረውን ብቻ ብትገድሉ በዚህ ሙቀት 2 ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሌላው ይተካል" አለን።

እዚያው አፈር ላይ ደግሞ ነጫጭ፣ ነካ ሲያደርጓቸው የሚዘሉ ደቃቅ ፍጥረቶች ነበሩ። ልጄ እነሱንም ልትጨፈልቅ ስትል እጇን ያዛት። ሻጋታና የበሰበሰ ነገር ነው የሚበሉት፤ ኩኩን አይነኩም። ወዳጁን ከጠላት የሚለይ ባለሙያ ይሉሃል ይሄ ነው!

አፈሩን አውጥተን ጣልን። መስታወቱን በፈላ ውሃ ብቻ ፈትጎ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ኦሞም በረኪናም አላስነካም። አዲሱን አፈር በብረት ምጣድ ቆልተን አቀዘቀዝነው፤ ቅጠሉን ቀቀልነው። የክዳኑ ወንፊት ለትንንሾቹ ዝንቦች ሰፊ ስለነበር ከአሮጌ ድሪያ ቀሚሴ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ደረበበት። የተረፉትን ዝንቦች ለመያዝ ከሳጥኑ ውጪ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጦ ገልብጦ ከተተና ሙዝና አቼቶ አደረገበት።

ጉንዳኑን ያገኘበት መንገድ ደግሞ ገረመኝ። በሞባይሉ መብራት ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ሰልፉን ተከተለ። የኩኩ ሳጥን የተቀመጠበትን ጠረጴዛ እግር የነካ ጉንዳን የለም። ሁሉም የሚመጣው ወደ ሳጥኑ በሚሄደው የመብራት ገመድ ላይ ነው! ግድግዳውን በአቼቶ ወለወለ፤ ገመዱን ቫዝሊን ቀባው። ጠረጴዛውን ከግድግዳ አራቀና እግሮቹን ውሃ በተሞሉ ጣሳዎች ውስጥ አቆማቸው። እናቶቻችን የምግብ ቁምሳጥን ላይ የሚያደርጉትን ነው ያደረገው።

ማድ ቤት ላሉት በረሮዎች ከኩኩ ክፍል ርቆ በረሮ የሚበላው ጄል መድኃኒት ብቻ ተጠቀመ። ልጄ አንዳንዴ በረሮ ይዛ ለኩኩ ትሰጣት ነበር። መድኃኒት የቀመሰ በረሮ እሷንም ሊገድላት ስለሚችል ከእንግዲህ ከቤት የተያዘ ነገር እንዳትሰጣት አደራ አላት።

ጉንዳኑ ወዲያው ቀረ። ዝንቡ ግን ቀስ በቀስ ነው ያለቀው፤ ጠርሙሱን ለሳምንታት መቀያየር ነበረብን። ይሄን አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ዛሬውኑ ሁሉም ይለቅልኝ ለሚል ሰው እሱ አይሆንም። እያንዳንዱን ነገር እያየ፣ እየጠየቀ ነው የሚሠራው። ዋጋውን መጀመሪያ ነገረኝ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀም። በኋላም ራሱ ደውሎ "ኩኩ እንዴት ናት?" አለኝ። ደህና ናት፤ እየበላች ነው። ወንድሜ፣ አላህ ይጨምርልህ!

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉለት ቤታችሁ ምን እንስሳ እንዳለ ቀድማችሁ ንገሩት። አርብ ስልክ የሚያነሳው ከጁምዓ በኋላ ነው።