ሳይለኩ ሽቦ የማይቆርጡት የደብረ ማርቆሱ የመኪና ኤሌትሪሽያን

አሮጌ ቮልስ፣ ፔጆ ወይም ላንድሮቨር ይዛችሁ በኤሌትሪክ ችግር ለተማረራችሁ የጎጃም ሰዎች ነው ይህን የምጽፈው። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ታፔላ የሌላት ጠባብ የቆርቆሮ ቤት አለች። ደጃፏ ላይ አሮጌ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) እና ዲናሞ (ባትሪ የሚሞላው) ተደርድሮ ካያችሁ ደርሳችኋል። ባለቤቱ የመኪና ኤሌትሪክ ብቻ ነው የሚሠሩት። እስካሁን መኪናዬን ከነኩ ባለሙያዎች ሁሉ እሳቸውን የሚያህል አላየሁም።

የእኔዋ ከአባቴ የወረስኳት እ.ኤ.አ. የ1969 ቮልስ ናት፤ ባለ 12 ቮልት። ክረምት ሲገባ ጠባይዋ ተበላሸ። ማታ ፍሬን ስረግጥ የኋላ መብራቷ ይፈዝና ያልነካሁት ፍሬቻ ጭል ጭል ይላል። የዓባይን በረሃ ወጥቼ ደጀን ቆም ካልኩ ደግሞ ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው ቅጭ ብሎ ዝም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ትነሳለች። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ፣ ስሙ ይቅር፣ አዲስ ባትሪ አስገዛኝ። ለውጥ የለም። "እንግዲያው ዲናሞው ነው፣ ይቀየር" አሉ። ይሄኔ ነው ጎረቤቴ ወደዚህ ቤት የመራኝ።

ሰውዬው ኮፈኑንም አልከፈቱ። "እህት ዓለም፣ መጀመሪያ ሕመሟን ንገሪኝ" አሉኝ። ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? ዝናብ ላይ ይብሳል? ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቀለም ተቀብታለች? አዎ፣ አምና ተቀብታለች። ራሳቸውን ነቀነቁና ቴስተራቸውን፣ ማለትም ቮልት መለኪያቸውን፣ አነሱ።

ባትሪው ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አነበበ። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው 14 ደረሰ። "ዲናሞሽ ጤነኛ ነው፣ ብርሽን ያዥ" አሉ። በዚህች ደቂቃ ብቻ ስንት ብር እንዳዳኑኝ አስቡት።

ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የኋላ መብራቱ ብረት ላይ አድርገው ፍሬን እንድረግጥ አዘዙኝ። እዚህ ላይ ንባቡ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ከ3 ቮልት በላይ አሳየ። መብራቱ ጥሩ ማሳ፣ ማለትም ኤሌትሪኩ በመኪናዋ ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መንገድ፣ የለውም ማለት ነው። የፍሬኑ ኤሌትሪክ በማሳ መመለስ ሲያቅተው በፍሬቻው አምፖል ውስጥ አልፎ መውጫ ይፈልጋል፤ ጭል ጭል የሚለው ለዚህ ነው። የኋላ መብራቱ የሚያርፈው ፓራፋንጎው ላይ ነው። ቀለም ቀቢው ፓራፋንጎው ከአካሏ ጋር የሚገናኝበትን ሁሉ ቀብቶታል፤ ብሎኑም ዝጓል። ብሎኑን ፈቱ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ፣ ከመብራቱ እስከ አካሏ አዲስ ቡናማ ሽቦ ዘረጉ፣ ግሪስ ቀብተው አጠበቁ። እንደገና ለኩ። ዜሮ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ቡናማውን የመረጡት በዘፈቀደ አይደለም፤ በጀርመን መኪና ማሳ ቡናማ ነው። ሽቦዎቹ የሚገቡባቸው ቦታዎች ላይ የተጻፉትንም ቁጥሮች በቃላቸው ያውቋቸዋል። 30 ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ 15 ቁልፍ ሲከፈት ኃይል የሚያገኝ፣ 50 ሞተሪኖውን የሚያዝዝ፣ 31 ማሳ። የአሮጌ መኪና ሽቦ ቀለሙ ጠፍቶ ሁሉም ጥቁር ሲመስል ይህ እውቀት ወርቅ ነው።

የሞተሪኖው ነገር ረዘም ያለ ነበር። የቮልስ ባትሪ የኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ሞተሪኖውም ከኋላ ነው። ትዕዛዙ ግን ወደ ፊት ሄዶ በቁልፉ አልፎ በቀጭን ሽቦ ተመልሶ ወደ ኋላ ይመጣል። በየመገጣጠሚያው ዝገት ትንሽ ትንሽ ቮልት ይበላል። ቁልፍ ስይዝ 50 ላይ የደረሰው ከ9 ቮልት በታች ነበር። በዚያ ላይ ሞተሩና ካምቢዮው ኤሌትሪክ በማያስተላልፍ የላስቲክ ትራስ ላይ ነው የተቀመጡት፤ ማሳቸው ከካምቢዮው ወደ አካሏ በሚሄድ አንድ ጥልፍ ሽቦ ብቻ ነው። እሱ ተበልቶ ጥቂት ክሮች ቀርተውታል። ቀየሩት፣ መገጣጠሚያዎቹንም አንድ በአንድ አጸዱ። "ሪሌ (ለሞተሪኖው ትዕዛዝ ከባትሪው በአጭር መንገድ ኃይል የሚሰጥ ማብሪያ) ላስገባ?" ስላቸው "ችግሩ ከተመለሰ ትመጫለሽ፣ አሁን አያስፈልግሽም" አሉኝ። ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር።

አንድ ነገር ግን አስቆጣቸው። ከፊውዞቹ አንዱ ላይ ኤሌትሪክ የሚያስተላልፈው የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ አገኙ። ማን እንዳደረገው አላውቅም። 8 አምፔር የሚይዘው ፊውዝ መቃጠል ሲገባው ካልተቃጠለ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፤ ሽቦው የሚያልፈው ደግሞ ከምንቀመጥበት ሥር ነው። ቀጥለው የኋላ ወንበሩን አነሱና የባትሪው መክደኛ የት እንደሄደ ጠየቁኝ። ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ወፍራም ላስቲክ ቆርጠው ከደኑልኝ። የቮልስ ባለቤቶች፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ወንበራችሁን አንስታችሁ እዩ።

አሁን ያልወደድኩትን ልናገር። ሥራቸው ዘገምተኛ ነው፤ አንዱን መኪና ሳይጨርሱ ሌላ አይነኩም። ግቢው ጣራ የለውም። የጎጃም ዝናብ ሲጥል ሥራው ይቆማል፣ ጭቃውም አያራምድም። አልቋል ብለው አይደውሉም፤ እናንተ ናችሁ የምትደውሉት። ለአሮጌ መኪና ኦርጅናል ዕቃ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ከአዲስ አበባ ታስመጣላችሁ። ኮምፒውተር ያላቸውን አዲስ መኪኖች አይሠሩም፤ ይህንንም በግልጽ ይናገራሉ።

ችግሩን ፈልገው ለማግኘት ብቻ 1,500 ብር ተቀብለውኛል፤ የሥራው ለብቻ ነው። ሁለቱንም አስቀድመው ነገሩኝ። "ቴስተር ስለነካ ብቻ ይሄ ሁሉ?" የሚል ደንበኛ ፊቴ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። እኔ በደስታ ነው የከፈልኩት። ያለ ምክንያት የገዛሁት ባትሪ ከዚህ በብዙ እጥፍ አስወጥቶኛል።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ቢቻል በበጋ። ችግሩ መቼ መቼ እንደሚመጣ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ይጠይቋችኋል።