«ሥልጠና ከነሥራው» ለሚሏችሁ ብር አትክፈሉ

ዘንድሮ ከሜካኒካል ምህንድስና ለምትመረቁ፣ ልጆቻችሁን ለምታስመርቁ ወላጆችም ነው የምጽፈው። ባሕር ዳር ውስጥ «ኦቶካድና ሶሊድወርክስ (የማሽን ንድፍ በኮምፒውተር የሚሳልባቸው ሶፍትዌሮች) አሠልጥነን ፋብሪካ እናስቀጥራለን» እያሉ ብር አስቀድመው የሚቀበሉ አሉ። አትክፈሉ። እናስገባችኋለን የሚሉት ሥራ በእጃቸው የለም።

የአክስቴ ልጅ ተበልቷል። ልጁ ጎበዝ ነው። ከፖሊ፣ ማለትም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ ተመርቆ፣ የመውጫ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፎ፣ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ከረመ። ማስታወቂያውን ታውቁታላችሁ። በኩር ጋዜጣ ላይም ቴሌግራም ላይም የሚወጣው አብዛኛው የሥራ ልምድ «2 ዓመትና ከዚያ በላይ» ይላል። «0 ዓመት» የሚል ከተገኘ ደግሞ የተመዝጋቢው ሰልፍ ከግቢ ውጭ ይወጣል። አዲስ አበባ ሄዶ ልሞክር እንዳይል መንገዱ እንደ ልብ አይኬድም፣ የቤት ኪራዩም አይቀመስም። «አንተ ብቻ ሠልጥን፣ የሥራውን ነገር ለእኛ ተወው» የሚል ሰው የሚመጣው እንዲህ ሲጨንቅ ነው። 12 ሺህ ብር ተጠየቀ። እናቱ የዕቁብ ዕጣዋ ሲወጣ ሰጠችው።

ውሉን አንብቤዋለሁ። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ከላይ እስከ ታች የሠልጣኙ ግዴታ ነው። ክፍያው አይመለስም። ከሁለት ቀን በላይ የቀረ ይሰረዛል። ሠልጣኙ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ «ለቀጣሪ ድርጅት ለማቅረብ እንዲያመች» ያስረክባል። ስለ ሥራው ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለች አንዲት መስመር ብቻ ናት። «ማዕከሉ ሠልጣኙን ከቀጣሪዎች ጋር ለማገናኘት የበኩሉን ጥረት ያደርጋል» ትላለች። የፋብሪካ ስም የለም። ደመወዝ የለም። ቀን የለም። ደረሰኙም ከጥራዝ የተቀደደ፣ በእጅ የተጻፈ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው ወረቀት ነው።

ከሁሉም ያናደደኝ የሰነዱ ነገር ነው። አዲስ ተመራቂ በእጁ ያለው ቴምፖው (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃው) እና ስቱደንት ኮፒው (የውጤት ዝርዝሩ) ነው። የትም ቦታ ለመመዝገብ «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» ይባላል። ልጁ ቴምፖው እዚያ ተይዞበት እያለ አንድ ጥሩ የ0 ዓመት ማስታወቂያ ወጣ። ሄዶ ስጡኝ ሲል «ኃላፊው የለም፣ ነገ ና» አሉት። ምዝገባው አለፈ።

ሥልጠናው ራሱ ለሁለት ሰው አንድ ኮምፒውተር ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለም፣ የባከነው ሰዓትም አይካካስም። አንድ አንድ ዕቃ መሳል ለምደው የተሳሉትን ገጣጥሞ ማሽን ማድረግ ላይ ሳይደርሱ ተጠናቀቀ ተባለ። «ዓለም አቀፍ» የሚል ባለ ቀለም ሰርተፍኬት ተሰጣቸው። ሶሊድወርክስ የራሱ ፈተና አለው፣ ሲኤስደብሊውኤ ይባላል። ተፈታኙ በኦንላይን ይፈተናል፣ ሰርተፍኬቱም ትክክለኛነቱ ኢንተርኔት ላይ የሚጣራበት መለያ ቁጥር አለው። ይኼኛው ማዕከሉ ራሱ አትሞ የሰጠው ነው። እኔ በጥገና ክፍል ስለምሠራ ሲቪ ይደርሰኛል፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ለማንም ነጥብ ሲጨምር አላየሁም።

ከዚያ «የተግባር ልምምድ» ተብሎ አንድ ብረታ ብረት ቤት ተላከ። ሦስት ወር ሙሉ ላሜራ ሲሸከም፣ ግራይንደር ሲይዝ ዋለ። ደመወዝ የለም፣ የባጃጅ እንኳ አይሰጡትም። መነጽር ሳያደርግ ብረት ሲቆርጥ ፍንጣሪ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ክሊኒክ የሄደው በራሱ ወጪ ነው። ሲጨርስ «ለጊዜው ቦታ የለም» ተባለ። በሳምንቱ የሚቀጥለው ዙር ገባ። ነገሩ የሚሽከረከረው እንዲህ ነው። የብረታ ብረት ቤቱ ባለቤት ነጻ ጉልበት ያገኛል፣ ማዕከሉ ደግሞ ልጆቹን ቱታ አልብሶ ፎቶ አንስቶ «አስቀጠርናቸው» ብሎ ይለጥፋል። አንዱን እንኳ በደመወዝ ቢቀጥሩት ለሚቀጥለው ዙር ቦታ ይጠባል፣ ስለዚህ አይቀጥሩም።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሙያ ለመልመድ የገባ ሰው እንኳ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ የሚቆይበት ጊዜና የሚከፈለው ገንዘብ እንዲገለጽ ያዝዛል። «በሙከራ ላይ ነህ» ካሏችሁም የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ ደመወዝም ይከፈልበታል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው 181ኛው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ደግሞ ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ሥራ ፈላጊውን እንዳያስከፍል ይላል። ደረሰኙ ላይ «የሥልጠና» ብቻ ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ይመስለኛል።

ሥልጠና አትውሰዱ እያልኩ አይደለም። ሶፍትዌር በደንብ የሚያስተምሩ፣ ሥራ እናስገባለን ብለው የማይዋሹ ሰዎች ከተማው ውስጥ አሉ። ለእነሱ መክፈል ሌላ ነገር ነው። «እናስቀጥራለን» የሚል ካለ ግን የፋብሪካውን ስም ጠይቁና ራሳችሁ በሩ ድረስ ሂዱ። የሰው ኃይል ክፍሉ ስለ ማዕከሉ ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ እዚያው አበቃ። የማሽን ደረሰኝ ከሌለ አትክፈሉ። ቴምፖ ለማንም አታስረክቡ፣ ኮፒ ይበቃል።

ገና ተማሪ የሆናችሁ ኦቶካድን የሚሠራውን የኦቶዴስክን ሶፍትዌሮች በተማሪነታችሁ በነጻ ማግኘት ትችላላችሁ፤ ከመመረቃችሁ በፊት ተጠቀሙበት። ፍሪካድ የሚባለው የንድፍ ሶፍትዌር ደግሞ ለማንም ነጻ ነው። እኔ ጋ ሲቪ ያመጣች አንዲት ተመራቂ በጣና ዳር ገበሬ ሽንኩርት የሚያጠጣበትን የውኃ ፓምፕ ፈትታ፣ እያንዳንዱን ክፍል በካሊፐር ለክታ፣ በፍሪካድ ሥላ አምጥታለች። የተበላው ኢምፔለር (ውኃውን የሚገፋው የፓምፑ ተሽከርካሪ ክፍል) ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ተሥሏል፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሳሳ ተጽፎበታል። ቃለ መጠይቁ ላይ ሌላ ብዙም አልጠየቅናት።

ከፍላችሁ የተጎዳችሁ ደግሞ ዝም አትበሉ። የቴሌብር ወይም የባንክ መልእክቱን አታጥፉ፣ ውሉን ኮፒ አድርጉ፣ ማስታወቂያውን ስክሪንሾት ያዙ። ስለ ማስታወቂያውና ስለ ደረሰኙ ለንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ያለ ደመወዝ ስላሠሯችሁ ለሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። በአንድ ዙር የነበራችሁ ሰብሰብ ብላችሁ ብትሄዱ ይሻላል። የአክስቴ ልጅ ብቻውን ሄዶ ሲመላለስ ከረመ፤ አብረውት ከሠለጠኑት አራቱን ይዞ ሲሄድ ግን ማዕከሉ ተጠራ። ቴምፖው በዚያው ሳምንት ተመለሰለት። ብሩን ገና እየተከራከሩበት ነው።